ኪሏችንን ብቻ ሳይሆን ሆዳችንንም ጠይቁን

ይድረስ፦ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ለምትሰጡ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች፣ የክትትል መመሪያ ለምታወጡ የጤና ተቋማት፣ እንዲሁም ከዓመታት በኋላ በራችሁን ለምናንኳኳባችሁ ጠቅላላ ሐኪሞች

ጉዳዩ፦ ከቀዶ ሕክምናው ዓመታት በኋላ ስለሚመጣ የሆድ ችግርና ስለማይስማማን ምግብ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጋስትሪክ ባይፓስ የሚባለው የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ከተሠራልኝ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ቀዶ ሕክምናውን ለማጥላላት አልተነሣሁም። ስኳሬ ወርዷል። ጉልበቴ ከሕመም አርፏል። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ አያጥረኝም። ዛሬም አንድ ሰው መጥቶ «ልሠራ ወይስ ልተው?» ቢለኝ «እንዳትሞክረው» አልለውም። «ከተሠራህ በኋላ ማን ይከታተልሃል? እስከ መቼ?» ብዬ ነው የምጠይቀው።

ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው። የታከምኩበት ቦታ በመጀመሪያው ዓመት በደንብ ተከታትሎኛል። ስሙን አልጠራም፤ ችግሩ የአንድ ቦታ ብቻ አይደለምና። በቀጠሮዬ እሄዳለሁ፣ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፣ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ «በርቺ፣ በጣም ጥሩ ነው» እባላለሁ። ኪሎዬ መውረዱን ሲያቆም ቀጠሮውም አብሮ ቆመ። የሆዴ ጣጣ የጀመረው ግን ከዚያ ወዲህ ነው።

መጀመሪያ ወተት አልስማማኝ አለ። ቀጥሎ ሥጋ። ከዚያ ዳቦ ደረቴ ላይ ይቆምብኝ ጀመር። ጣፋጭ ነገር ስቀምስ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ካልተጋደምኩ አልችልም። ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል። ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማስበው መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሚገኝ ነው። ወደ ታከምኩበት ስመለስ «ቀስ ብለሽ ብዪ፣ በደንብ አላምጪ» ተባልኩ። አላምጣለሁ እኮ! ቀስ ብዬም እበላለሁ። አብረውኝ ማዕድ የቀረቡ ሰዎች በልተው ሲነሡ እኔ ገና ግማሽ ላይ ነኝ። ጠቅላላ ሐኪም ጋ ስሄድ ደግሞ «ይሄ የቀዶ ሕክምናው ነገር ነው፣ የሠሩሽ ሰዎች ጋ ሂጂ» ተባልኩ። የሠሩኝ ሰዎች ዘንድ ፋይሌ ተዘግቷል። ጠቅላላ ሐኪሙ ደግሞ ምን እንደተሠራልኝ በቅጡ አያውቅም። መሐል ላይ ቀረሁ።

እንደ እኔ መሐል ላይ የቀሩ ብዙ ናቸው። ስናወራ የምንሰማው ታሪክ ይመሳሰላል። ስለዚህ ይህንን እንደ አንድ ሰው ስሞታ ሳይሆን እንደ ብዙዎች ጥያቄ አንብቡልኝ።

ውስጣችን ምን እንደተቀየረ እናንተ ታውቁታላችሁ። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ግን ለሌላውም አንባቢ ላስረዳ። በጋስትሪክ ባይፓስ ከጨጓራ ላይኛው ክፍል ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትሠራለች። ቀሪው ጨጓራ ከሰውነት አይወጣም፤ ምግብ ግን አያልፍበትም። ከረጢቷ ከታችኛው የትንሹ አንጀት ክፍል ጋር በቀጥታ ትጋጠማለች። ምግቡ የአንጀትን የመጀመሪያ ክፍል ይዘልላል። ሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ በሌላ መንገድ መጥተው ከታች ይገናኙታል። ስሊቭ በሚባለው ቀዶ ሕክምና ደግሞ ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፣ የቀረው ቀጭን ቱቦ ይሆናል። አንጀት አይነካም። ዱዮዲናል ስዊች የሚባለው ጨጓራ መቁረጥንም አንጀት ማዝለልንም ያጣምራል፤ ምግብ የሚፈጭበትን አንጀት በእጅጉ ስለሚያሳጥር ስብ በደንብ አይመጠጥም። ሆዱ ላይ ቀለበት የታሰረለትም አለ። ስለዚህ «የክብደት ኦፕሬሽን ተሠርቻለሁ» የሚል ቃል ብቻውን ለሐኪም ብዙ አይነግረውም። የየትኛው ኦፕሬሽን ሕመም የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ዓይነቱ ሲታወቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ዳምፒንግን፣ ማለትም ምግብ ከልክ በላይ ፈጥኖ ወደ አንጀት ሲወርድ የሚመጣውን ችግር፣ ላንሣ። ያልተነካ ጨጓራ ምግብን ጥቂት በጥቂት ነው ወደ አንጀት የሚለቀው። መውጫው ላይ ፓይሎረስ የሚባል የጡንቻ በር አለው። ባይፓስ የተሠራለት ሰው ምግብ በዚያ በር አያልፍም። ጣፋጭ ስንበላ በአንድ ጊዜ አንጀት ላይ ይወርዳል። አንጀት ያንን ለማቅጠን ከደም ውስጥ ውኃ ይስባል። የደም ግፊት ይወርዳል፣ ልብ ይሮጣል፣ ላብ ይመጣል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ይከተላል። ይህ ከምግብ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ውስጥ የሚመጣው ነው። ስለዚህኛው ብዙዎቻችን ከኦፕሬሽኑ በፊት ሰምተናል።

ያልሰማነው ሁለተኛውን ነው። ይሄኛው ከተበላ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ ይመጣል። ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ ጂኤልፒ-1ን የመሰሉ የአንጀት ሆርሞኖች በብዛት ይለቀቃሉ፤ ቆሽት ከሚገባው በላይ ኢንሱሊን ያመነጫል። ከዚያ የደም ስኳር ያሽቆለቁላል። ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይገባዋል፣ ዓይኑ ይደበዝዝበታል። ራሱን የሚስትም አለ። በዚያ ሰዓት መኪና እየነዳ ሊሆን ይችላል። ልጅ ታቅፎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከኦፕሬሽኑ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ስለሆነ ማንም ከዚያ ጋር አያያይዘውም። «ጭንቀት ነው» ይባላል። «የሚጥል በሽታ ይሆን?» ይባላል። ሕመምተኛው ራሱም አይጠረጥርም፤ ሲበላ ምንም አልሆነማ።

ደግሞም የሚያዝ ነገር ነው። ቶሎ ወደ ስኳር የሚለወጡ ምግቦችን መቀነስ፣ ፕሮቲን ማስቀደም፣ ትንንሽ እየከፋፈሉ መብላት ብዙ ሰው ይረዳል። ያ ካልበቃ አካርቦስ የሚባል መድኃኒት አለ፤ እሱም ካልሠራ ሌሎች አሉ። ስኳሩ ወርዶ ሲንቀጠቀጥ ሰው ያገኘውን ጣፋጭ ሁሉ ቢጎርስ ሌላ ዙር ይጠራበታል። ጥቂት ስኳር ወስዶ፣ ሲረጋጋ ፕሮቲን ያለው ነገር መከተል እንዳለበት የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ይህንን ለመናገር ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ያንን አምስት ደቂቃ የሚሰጠን ነው ያጣነው።

በዚሁ አጋጣሚ ለጠቅላላና ለማህፀን ሐኪሞች አንድ ልመና አለኝ። ባይፓስ የተሠራች ሴት ስታረግዝ ለእርግዝና ስኳር ምርመራ ያንን ጣፋጭ የግሉኮስ ፈሳሽ አታጠጧት። ክፉኛ ዳምፒንግ ሊያስከትልባት ይችላል፤ ውጤቱም አያስተማምንም። ለተወሰኑ ቀናት በቤቷ ስኳሯን እየለካች እንድትመዘግብ ማድረግ የታወቀ አማራጭ ነው።

ወደ ወተት ልመለስ። የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ኢንዛይም የሚገኘው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ከበፊቱም ይህ ኢንዛይም አነስ ያለባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ያልተነካ ጨጓራ ወተቱን ቀስ እያለ ስለሚለቅላቸው ግን አይታወቃቸውም ነበር። ከባይፓስ በኋላ ወተቱ በፍጥነት ይወርዳል፣ የአንጀቱንም ከፊል ክፍል ይዘልላል። የተሸፈነው ጉድለት ይገለጣል። መነፋት፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ። ይህ ሰው አለርጂ የለበትም። ወተትን እስከ ዕድሜ ልክ መሰናበትም ላያስፈልገው ይችላል። ላክቶስ የሌለበት ወተት አለ፣ እርጎን የሚችል አለ፣ የቆየ ጠንካራ አይብ ውስጥ ላክቶስ በጣም ጥቂት ነው። ማንም ይህንን ካልነገረው ግን የወተት ተዋጽኦን ሁሉ ጠቅልሎ ይተዋል። ከዚያ ካልሲየሙንም ፕሮቲኑንም ያጣል።

ስኳር የለውም ተብለው የሚሸጡ የፕሮቲን ባሮችና ማስቲካዎችም ጉድ አለባቸው። ብዙዎቹ ሶርቢቶል፣ ማልቲቶል፣ ዛይሊቶል የሚባሉ ማጣፈጫዎች አሉባቸው። እነዚህ አንጀት ውስጥ በደንብ አይመጠጡም፤ ጋዝና ተቅማጥ ያመጣሉ። የተሠራ ሰው «ለእኔ የሚሆነው ይሄ ነው» ብሎ ጠዋት ማታ ሲበላው ሆዱ ይታመሳል። መድኃኒቱ ማስታወሻ ደብተር ላይ የበላውን መጻፍና ማስተያየት ሊሆን ይችላል። ግን ያንን ደብተር ቁጭ ብሎ አብሮት የሚያነብ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይፈልጋል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያንገበግበኝ ነጥብ ልግባ። ሥጋ አልወርድ ሲል፣ እንቁላል ሲያቅለሸልሽ፣ አትክልት ሲነፋ፣ ሰው ምን ይበላል? የሚወርድለትን ነው። ብስኩት አፍ ውስጥ ይሟሟል። ቺፕስ ይሟሟል። ዳምፒንግ ለማያስቸግረው ሰው አይስክሬም ያለ ችግር ያልፋል። ጭማቂ ይጠጣል። ከረጢቷ እነዚህን አትቃወምም። ቀስ በቀስ የሰውየው ገበታ ወደ ለስላሳና ጣፋጭ ያዘነብላል። ከዚያ ኪሎው ይመለሳል። ያኔ ነው ክሊኒኩ የሚያስታውሰው። «አመጋገብህን አበላሽተሃል፣ ወደ ድሮ ልማድህ ተመለስክ» ይለዋል። ወደ ድሮ ልማዱ አልተመለሰም። ገንቢ የሆነው ምግብ ስለሚያሳምመው ሸሽቶት ነው። ዶሮ ከረጢቷ መውጫ ላይ ተቀርቅሮበት፣ ሰው ፊት ምራቁ እየሞላ ወደ መጸዳጃ ቤት የሮጠ ሰው ዶሮ ቢፈራ ምን ይገርማል?

ይህ ሰው ተግሣጽ አይደለም የሚያስፈልገው። በመጀመሪያ መጋጠሚያው ጠቦ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ጠባሳ መውጫውን ሊያጠበው ይችላል፤ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ በፊኛ ማስፋት ይቻላል። ጥበት ካልተገኘ ሥጋው እንዴት እንደተዘጋጀ ይታይ። ደርቆ የተጠበሰውን የማይችል ሰው ተፈጭቶ ወይም በመረቅ ረጥቦ የቀረበውን ይችል ይሆናል። ዓሣ ይችል ይሆናል። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ማግኘት አለባችሁ ብላችሁ ስታሰናብቱን፣ የማይወርድልን ሰዎች ከየት እናምጣው የሚለውንም አብራችሁ መልሱልን።

ተቅማጥም እንዲሁ ይናቃል። «ተሠርተሻል እኮ፣ የሚጠበቅ ነው» ይባላል። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ልክ ሊሆን ይችላል። ዓመታት አልፈው በየቀኑ የሚሮጥ ሰው ግን ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ሊፈለግ ይገባል። በተዘለለው የአንጀት ክፍል ባክቴሪያ ከልክ በላይ ሊራባ ይችላል፤ በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ሐሞት በደንብ ሳይመጠጥ ወደ ትልቁ አንጀት ሊወርድና ሊያቃጥል ይችላል፤ ሐሞትን የሚይዝ መድኃኒት አለ። የቆሽት ኢንዛይም ከምግቡ ጋር በጊዜው ሳይገናኝ ሲቀር ሰገራው ቅባት ይሆናል፣ ይሸታል፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ኢንዛይሙ በካፕሱል ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ለባክቴሪያው የሚደረገው የትንፋሽ ምርመራ ባይፓስ በተሠራለት ሰው ላይ ሊያሳስት ይችላል። ለምርመራው የሚጠጣው ስኳር ፈጥኖ ትልቁ አንጀት ስለሚደርስ የሌለ ችግር ያለ ያስመስላል። ስለዚህ መርማሪው የተሠራ ሰው እንደሚመረምር ማወቅ አለበት።

የሆድ ሕመም ግን ከዚህ ሁሉ ለየት ያለ ነው። እዚህ ላይ መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል። ፈጣን የክብደት መቀነስ የሐሞት ጠጠር ያመጣል። ከረጢቷና አንጀት የተጋጠሙበት ቦታ ላይ ቁስለት ሊወጣ ይችላል፤ ሲጋራና እንደ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች ናቸው። ስንት ሰው ለወገብ ሕመም ሄዶ ዳይክሎፌናክ ተጽፎለት ተመልሷል! ሐኪሙ ቢያውቅ ባልጻፈለት። ሦስተኛው የውስጥ ሄርኒያ ነው። ሰው ሲከሳ በሆድ ውስጥ የነበረው ስብ ይቀንሳል፤ አንጀት ሲገጣጠም የተፈጠሩት ክፍተቶች ይሰፋሉ፤ አንጀት በዚያ ሾልኮ ሊጠማዘዝ ይችላል። ሕመሙ መጣ ሄድ ይላል። ከምግብ በኋላ ይብሳል፣ ወደ ጀርባ ሊዘልቅ ይችላል። የደም ምርመራው ደህና ሊሆን ይችላል። ሲቲ ስካኑ እንኳ ደህና ሊመስል ይችላል። «ምንም የለሽም» ተብሎ የተሸኘ ሰው በማግሥቱ አንጀቱ ደም አጥቶ ሊገኝ ይችላል። ባይፓስ የተሠራ ሰው፣ በተለይ ነፍሰ ጡር፣ ምክንያቱ ባልታወቀ የሆድ ሕመም ስትመጣ የቀዶ ሐኪም ሳያያት ወደ ቤት አትላኳት። ይህ የማልደራደርበት ጥያቄ ነው።

ስሊቭ የተሠሩ ወዳጆቼ የሚያማርሩት በዋናነት ቃር ነው። ጨጓራው ጠባብ ቱቦ ሲሆን በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል። ለዓመታት የዘለቀ ቃር የጉሮሮውን ቧንቧ ሽፋን ሊለውጥ ስለሚችል በክኒን ማስታገስ ብቻውን አይበቃም። ኢንዶስኮፒ ያስፈልጋል። ቃር ሳይሰማቸውም ሽፋኑ የተለወጠባቸው ይገኛሉ።

ማስመለስን ለብቻው ያነሣሁት አስፈሪ ስለሆነ ነው። ሰውነት ቲያሚንን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1ን፣ ከጥቂት ሳምንታት በላይ አያጠራቅምም። ደጋግሞ የሚያስመልስ የተሠራ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል። ከዚያ ዓይን ይዋልላል፣ አረማመድ ይናጋል፣ አእምሮ ይምታታል። ሳይታከም የቆየ ጉዳት ላይመለስ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ የተለመደው ነገር ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ መስቀል ነው። ቲያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ መስጠት ደግሞ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። እባካችሁ ቲያሚኑን አስቀድሙ። ለደም ምርመራው ውጤት አትጠብቁ። ርካሽ ነው፣ ጉዳቱም ኢምንት ነው።

የቫይታሚኖቹ ነገር ደግሞ እንዴት ዓመታት እንደሚወስድ አስቡት። ቢ12 ጉበት ውስጥ ለዓመታት የሚበቃ ክምችት አለው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ምርመራ «ሁሉም ደህና ነው» ይባላል። ክምችቱ ሲያልቅ እጅና እግር መደንዘዝ ይጀምራል፤ በዚያን ጊዜ ቀጠሮ የለም። ብረት በዋናነት የሚመጠጠው በተዘለለው የአንጀት ክፍል ነው፤ ወር አበባ የምታይ ሴት ደሟ ቀስ በቀስ ያንሳል። የመዳብ እጥረት ሲመጣ ምልክቱ የቢ12ን ይመስላል፤ ካልተመረመረ አይገኝም። ቫይታሚን ኤ ሲያንስ፣ በተለይ ዱዮዲናል ስዊች በተሠራላቸው ላይ፣ ማታ ማየት ያስቸግራል። ካልሲየምም ቢሆን ዓይነት አለው። አሲድ በቀነሰበት ሆድ ካልሲየም ሲትሬት የሚባለው ካልሲየም ካርቦኔት ከሚባለው የተሻለ ይመጠጣል፤ ከብረት ክኒን ጋር አብሮ ባይወሰድ ይመረጣል። ይህንን አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። እዚህም እዚያም እየለቃቀምኩ ነው የተማርኩት።

የራሳችሁን ሙያ ታሪክ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተጀመረው የመጀመሪያው የአንጀት ባይፓስ ሰውን አሳምሮ ያከሳ ነበር። በሚዛን ቢለካ ስኬት ነው። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን የማያባራ ተቅማጥ፣ የኩላሊት ጠጠር፣ የጉበት መበላሸት መጣ። ስለዚህም ተተወ። ኤድዋርድ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ጋስትሪክ ባይፓስን ሲጀምር የተሻለ መንገድ እየፈለገ ነበር። ያ ሁሉ ትምህርት የተገኘው ታካሚዎች ከዓመታት በኋላ ስለታዩ ነው። የዛሬዎቹ ኦፕሬሽኖች በጣም የተሻሉ ናቸው። ግን የዘገየ ችግር የሚታየው ዘግይቶ ለሚመለከት ሰው ብቻ ነው።

አዲስ ነገርም አልጠየቅኩም። የአሜሪካ የሜታቦሊክና ባሪያትሪክ ቀዶ ሕክምና ማኅበር ክትትሉ ዕድሜ ልክ መሆን እንዳለበት ይላል። የእንግሊዙ የመመሪያ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ቢያንስ 2 ዓመት በቀዶ ሕክምናው ክፍል ክትትል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ምርመራ እንዲደረግ መክሯል። ወረቀቱ አለ። የጎደለው በዚያ ወረቀት ስም ስልክ የሚደውልልን ሰው ነው።

እንግዲህ የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ። ማንም ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ምን እንደተሠራለት የሚገልጽ አጭር ወረቀት ይዞ ይውጣ። የኦፕሬሽኑ ዓይነት፣ ቀኑ፣ የአንጀቱ ክፍሎች ርዝመት፣ ክፍተቶቹ በስፌት ተዘግተው ይሁን አይሁን፣ የማይወስዳቸው መድኃኒቶች፣ የሚወስዳቸው ቫይታሚኖች ይጻፉበት። ዶክተሮች ይለዋወጣሉ፣ ክሊኒኮች ይዘጋሉ፣ ሰው አገር ይቀይራል። ሆዱ ግን አብሮት ይሄዳል። ሌላው ጥያቄዬ፣ መድኃኒት የምትጽፉ ሐኪሞች ክኒኑ ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ መሆን አለመሆኑን እዩልን። ረጅም አንጀት ታስቦ የተሠራ ክኒን ሳይመጠጥ ሊያልፍ ይችላል። ቀደም ሲል የሚበቃው መጠን ዛሬ ላይበቃ ይችላል።

ዓመታዊ ቀጠሮ ስትሰጡን ስለ ምግብ ጠይቁን። ምን ተውሽ? ከመቼ ጀምሮ? ሲያምሽ የት ጋ ነው? ሌሊት ያስነሣሻል? ሰው ፊት መብላት ትፈሪያለሽ? የመጨረሻውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ብዙዎቻችን ግን ከሰው ጋር መብላት አቁመናል። ሠርግ ላይ፣ ስብሰባ ላይ፣ የሰው ቤት ስንጠራ ሰበብ እንፈልጋለን። «በልቼ ነው የመጣሁት» የዘወትር ውሸታችን ሆኗል። ምግብ መፍራት እየከፋ ሲሄድ ራሱን የቻለ ሕመም ይሆናል። የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚያስፈልገው ከኦፕሬሽኑ በፊት «ብቁ ነሽ» ብሎ ለመፈረም ብቻ አይደለም።

ከኦፕሬሽኑ በፊት ያለው ምክክርም ይስተካከል። ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ኢንፌክሽን፣ ስለ ስፌት መፍታት ታስረዳላችሁ፤ መልካም ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ማዕዳችን ምን ሊመስል እንደሚችል ግን አትነግሩንም። አንዳንዱ ሰው ሁሉንም ይበላል። አንዳንዱ ወተት ይተዋል። አንዳንዱ ሥጋ። አንዳንዱ ዳግም ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል። ይህንን አውቀን እንፈርም። ብንሰማም ብዙዎቻችን እንፈርማለን። ልዩነቱ ችግሩ ሲመጣ የራሳችን ጥፋት መስሎን ተደብቀን አንቀመጥም።

ይህን ደብዳቤ ለምታነቡ እንደ እኔ ለተሠራችሁ ወገኖቼም ጥቂት ልበል። የማይለቅ ወይም እየተመላለሰ የሚያስቸግር ከባድ የሆድ ሕመም፣ የጠጡት ውኃ እንኳ የማይቆምበት ማስመለስ፣ ጥቁር ወይም ደም ያለበት ሰገራ፣ ከምግብ በኋላ ራስ መሳት፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ ካያችሁ አትጠብቁ። ስትሄዱም የኦፕሬሽናችሁን ስም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ምግብን በጅምላ አትተዉ፤ አንድ በአንድ ፈትኑት፣ ጻፉት። ቫይታሚናችሁን «ደህና ነኝ» ብላችሁ አታቁሙ። ሐኪሙ ካልሰማችሁ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የሚያሳፍር ነገር የለባችሁም።

ለተቋማቱ የመጨረሻ ጥያቄዬን ላቅርብ። በመዝገባችሁ ውስጥ ከ3 ዓመት በፊትና ከዚያ በላይ ሠርታችሁ ያላያችኋቸውን ሰዎች ስም አውጡ። ደውሉላቸው። መልስ ያልሰጠውን ድጋሚ ደውሉለት። የደም ምርመራ እንዲያደርጉና የሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲያዩ ቀጠሮ ስጧቸው። እኔ በበኩሌ ያሳለፍኩትን ለማካፈል፣ የሕመምተኞች መጠይቅ ስታዘጋጁ ለመርዳት፣ አዲስ ለሚሠሩ ሰዎች ለመናገር ፈቃደኛ ነኝ። ሌሎችም እንደሚመጡ አውቃለሁ። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጋስትሪክ ባይፓስ የተሠራላት አንዲት ታካሚ